እባክዎ እንዳይነሱ

ፈሪ ነኝ። ትሕትና አምሮኝ የምለው አይደለም፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቀዋል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ተዪው፣ ፈሪ ለእናቱ ነው» እያለች ታጽናናኝ ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ ግን ፍርሃቴ ማረፊያ አጣና ተጠቃልሎ አባቴ ላይ ሰፈረ። ጠዋት ስነሳ የምፈራው ለእሳቸው ነው፤ ስተኛም የምፈራው ለእሳቸው ነው።

አባቴ ከወረታ የግማሽ ሰዓት መንገድ በሆነች አንዲት አጥቢያ የዜማ መምህር፣ መሪጌታ ነበሩ። እኔ ወረታ ከተማ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ማደሪያዬ ግን እሳቸው ዘንድ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው። ባለፈው ክረምት የአጥቢያው ልጆች መሠረተ ትምህርት በሚገቡበት ሰዓት ዜማ ሲያስተምሩ ተገኙ ተባለና፣ ካድሬው ቢሮ ተጠርተው አንድ ወረቀት ላይ ፈረሙ። ወረቀቱን አንብቤዋለሁ። «ከእንግዲህ ሕዝብን ለአድኅሮት ዓላማ ሳነሳሳ ብገኝ፣ ለሚወሰድብኝ አብዮታዊ እርምጃ ኃላፊው እኔው ነኝ» ይላል። አብዮታዊ እርምጃ ምን እንደሆነ ለማወቅ በዚያን ጊዜ መዝገበ ቃላት መግለጥ አያስፈልግም ነበር። በይፋግ በኩል አንድ ቄስ ይህንኑ የመሰለ ወረቀት ፈርመው፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲጠሩ ደብረ ታቦር ተወሰዱ። ሚስታቸው ስንቅ ስታመላልስ ከርማ፣ አንድ ቀን በር ላይ «ከእንግዲህ አታምጪ» ተባለች።

አባቴ ፈርመው ቀጥ ብለው ወጡ። እኔ ግን ቤት ሳንደርስ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አረፍሁ። እሳቸው ከፊቴ ቆመው ጠበቁኝ።

እንግዲህ በዐቢይ ጾም አጋማሽ ካድሬው ከክፍል አስጠርቶኝ «ጓድ መምህርት፣ ለአንድ ሥራ እንፈልግሻለን» ሲለኝ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ከእኔ በሁለት ዓመት ቢበልጥ ነው፤ ሁልጊዜ ካኪ ይለብሳል፤ የካኪው ሱሪ ተኩስ ዳቦ ይቆርጣል። የት እንደተወለደ፣ ወላጆቹ እነማን እንደሆኑ ማንም አያውቅም፤ የሚጠይቅ ደፋርም አልነበረም።

ነገሩ ፊልም ሆኖ ተገኘ። ተንቀሳቃሽ ሲኒማው ቅዳሜ ይመጣል፤ ከወዳጅ አገር የተላከ ፊልም ይዟል፤ ፊልሙ ስለ አንድ ጥቁር የሙዚቃ ደራሲ ነው። ሰውየው ከባሕር ማዶ የኖረ፣ አያቶቹ በሰንሰለት ታስረው የተሸጡ፣ እሱ ግን የድርሰት ችሎታው ጌቶቹን ሳይቀር ከመቀመጫቸው ያስነሳ ነው። ያን ሰው ከተማውና ገበሬ ማኅበሩ በአንድነት ሊያከብሩት ነው። ፊልሙ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ ድምፅ ማጉያ ይዤ ለሕዝቡ እተረጉማለሁ። ካድሬው ስለ ፊልሙ ቀድሞ የተላከውን አንድ ገጽ ጽሑፍ ሰጠኝ። እፊቱ ቆሜ አነበብሁት።

«ጓድ» አልሁት፣ «ሰውየው እኮ ዕድሜውን ሙሉ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር።»

«አይቼዋለሁ። ቤተ ክርስቲያን የሚለውን አዳራሽ በይው።»

«ጸሎት የሚለውንስ?»

«መዝሙር በይው፤ ትግል በይው። አስተማሪዋ አንቺ ነሽ፤ እኔ ነኝ የማስተምርሽ?»

«እሺ» አልሁና ወጣሁ። በዚያ ዘመን እሺ ከአፌ የሚወጣው ጥያቄው ሳያልቅ ነበር።

ጥፋቴ እቤት ገብቼ ማውራቴ ነው። ዝም አይነቅዝም የሚሉትን እያወቅሁ አወራሁ። አባቴ ጾሙን ሊፈቱ ለብ ያለ ውኃ ይዘው ተቀምጠው ነበር፤ ጽዋውን መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ጥቁር ነው አልሽኝ?»

«አዎ አባዬ፤ እንደኛው ነው።»

«ዜማ ይጽፋል?»

«ይጽፋል። በምልክት ነው የሚጽፈው። አምስት መስመር ያሰምርና ምልክቱን ከመስመሩ ላይ ያስቀምጣል።»

«በምልክት!» አሉ። «ዛዲያ ድፋትና ቅናቱን በምን ይለየዋል? ወይስ ሌላ ብልኀት አበጀለት?»

ድፋትና ቅናት የእኛ የዜማ ምልክቶች ናቸው። ከግእዙ ቃል አናት ላይ በቀጭን ብዕር ይቀመጣሉ፤ ድምፁ የት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚወርድ ይመራሉ። አባቴ ዓይናቸውን የጨረሱት እነሱን ሲያዩ ነው። ከባሕር ማዶ ሌላ ጥቁር ሰው፣ እንደሳቸው አጎንብሶ፣ ድምፅን በምልክት ሲጽፍ ኖሯል ብለው አስበው አያውቁም። ፊታቸው እንደ ልጅ በራ። እውነቱን ለመናገር ያን ደስታ ጠላሁት፤ ደስ ያለው ሰው ጥንቃቄውን ይረሳልና።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ይማሉልኝ» አልሁ። «ምንም ቢያዩ፣ ምንም ቢሰሙ፣ ከተቀመጡበት እንዳይነሱ። እባክዎ እንዳይነሱ።»

«ኸረ ምን ሆነሻል? ለፊልም ማን ይነሳል?»

«መቋሚያዎንም እዚህ ይተዉት።»

መቋሚያ መሪጌታ በማኅሌት የሚደገፍበት ረጅም ዘንግ ነው፤ አባቴ ያለ እሱ ከቤት ሲወጡ አይቼ አላውቅም። አገላብጠው አዩትና ወስደው ጥግ ላይ አስደገፉት። «መቼስ ከፈራሽ» አሉ። አልማሉልኝም፤ መሐላ አይወዱም።

ካድሬው የሰውየው ምስል በትልቁ ይሳል ብሎ አዝዞ ነበርና፣ ሥራው ሥዕል ለሚችሉ ተማሪዎቼ ደረሰ። ጽሑፉ ላይ የታተመው ምስል ደብዛዛ ነው። ሰውየው በዘመኑ ሹማምንት ወግ ነጭ ሰው ሠራሽ ፀጉር ደፍቷል። ተማሪዎቼ እንዲህ ያለ ነገር ከየት ያውቁታል? ጥምጥም መሰላቸው፤ ጥምጥም አድርገው ሳሉት። እኔ በትርጉሙ ስጨነቅ ሥዕሉን ያየሁት ቅዳሜ ዕለት፣ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ነው። ጥቁር ሰው፣ ነጭ ጥምጥም፣ አፍንጫው ሰልከክ ያለ፣ ዓይኑ ወደ መጽሐፍ ያጎነበሰ። በሩ ላይ የቆሙት ገበሬዎች ገና ሲገቡ «እንዴ! የኛን መሪጌታ ነው እኮ የሳሏቸው!» ብለው ተሳሳቁ። ካድሬው ሥዕሉን አየ፤ ቀጥሎ አባቴን አየ። አልሳቀም።

ቦታው የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ነው። ጓያና ሽምብራ ወጥቶለት ወለሉ ተጠርጓል ቢባልም አቧራው እንዳለ ነበር። ቀኑ ገና ዘጠኝ ሰዓት ስለሆነ መስኮቶቹን በማዳበሪያ ከረጢት ደፍነው አጨለሙት፤ ከፊት ለፊት አቡጀዲ ተወጠረ። ቆርቆሮው ከላይ ያቃጥላል። የወረታ ሰው፣ የፎገራ ገበሬ፣ የየአጥቢያው ካህን ሁሉ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ የቀረ ስሙ ይያዛልና ማንም አልቀረም። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃ ይዘው በሩን ዘጉት። አባቴ ከኋላ ይቀመጣሉ ብዬ ነበር፤ ዓይናቸው አላስችል ብሏቸው መኻል ላይ፣ ካድሬው ከቆመበት አምስት ክንድ በማይሞላ ቦታ ተቀመጡ። እኔ ድምፅ ማጉያ ይዤ ከአቡጀዲው ጎን ቆምሁ።

በመጀመሪያ መፈክር ነበር። ሁላችንም ተነስተን ግራ እጃችንን አነሳን። አባቴም አነሱ። በዚህ የማውቀው ምሥጢር አላቸው፤ ግራ እጃቸው ወደ ላይ ሲወጣ ቀኛቸው ጋቢ ውስጥ ሆኖ ያማትባል። ሁልጊዜ እዚያ ጋቢ ላይ ዓይኔን እተክልና እንቅስቃሴው እንዳይታይ እጸልያለሁ።

ከዚያ ጄኔሬተሩ ተነሳ፤ ብርሃኑ አቡጀዲው ላይ ወደቀ።

መጀመሪያ ባሕር መጣ፤ ከዚያ መርከብ፣ ከዚያ ሰንሰለት። ሴቶቹ አለቀሱ። እኔም ተረጎምሁ፤ ይህ ክፍል ውሸት አያስፈልገውም ነበርና ድምፄ ጥሩ ወጣ። ቀጥሎ ሰውየው በልጅነቱ በሻማ ብርሃን አጎንብሶ ሲጽፍ መጣ። ምልክቶቹ አቡጀዲውን ሞልተው ሲታዩ ከካህናቱ በኩል ዝቅ ያለ የአድናቆት ድምፅ ሰማሁ። አባቴ አንገታቸውን አስግገው፣ ጣታቸው በጉልበታቸው ላይ ምልክቶቹን ይከተላል።

ከዚያ ፊልሙ ወደ ቤተ ክርስቲያን ገባ።

«እነሆ፣ በትልቅ አዳራሽ ውስጥ…» አልሁ።

«አዳራሽ? መስቀል አለበት እኮ!» አለ አንድ ድምፅ ከጨለማው። ጥቂት ሰው ሳቀ። ካድሬው ወደ ድምፁ ዞረ። «የሕዝብ አዳራሽ ነው» አልሁ፤ ድምፄ ግን ተሰበረ።

አቡጀዲው ላይ ረጅም ልብስ የለበሱ ወንዶችና ሴቶች በግራና በቀኝ ተሰልፈው ቆመዋል። ሰውየው፣ አሁን አርጅቶ፣ እጁን አነሳ። ግራና ቀኙ እየተቀባበለ፣ ቀስ ብሎ፣ ከባድ ሆኖ፣ ጥርት ብሎ ተሰማ፦ ኪርያላይሶን።

አንባቢዬ ስቅለት ዕለት ፎገራ ላይ ውሎ እንደሆነ አላውቅም። ካህናቱ ግራና ቀኝ ሆነው ይህንን ቃል እየተቀባበሉ ያዜማሉ፤ ሕዝቡ በያንዳንዱ ላይ ይሰግዳል፤ ከጠዋት እስከ ማታ። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ፣ ልጅ ያዘለችው እናት፣ ሁሉም ያውቀዋል። ማን ያስባል? ቃሉ ሲመጣ ጉልበት ራሱ ይታጠፋል። ከፊልሙ አንድ ሰዓት ሙሉ ከተነገረው ውስጥ ያለ እኔ ትርጉም የሰሙት ቃል ይህ ብቻ ነበር። የወረቀቱ ጽሑፍ አልነገረኝም፤ ቢነግረኝ ኖሮ አባቴን አስሬ ባስቀረኋቸው ነበር።

አባቴ ተነሱ። ጥላቸው አቡጀዲው ላይ ወደቀ። መቋሚያቸውን ሲፈልጉ እጃቸው ባዶውን አየር ጨበጠ። ታላቅ ተነስቶ ማን ይቀመጣል? ካህናቱ ተነሱ፤ ገበሬው ተነሳ። ሁለተኛው ኪርያላይሶን ሲመጣ አባቴ በጉልበታቸው ወርደው ግንባራቸውን አቧራው ላይ አደረጉ፤ መጋዘኑ ሙሉ አብሯቸው ወረደ። የሚሰማው ዜማውና የልብስ ኮሽታ ብቻ ነበር።

እኔ ብቻ ቆሜአለሁ። መስገድ አቃተኝ። ድምፅ ማጉያውን በሁለት እጄ ይዤ «ተነሱ፣ ተቀመጡ፣ እባካችሁ» እላለሁ፤ የድምፅ ማጉያውን ቁልፍ ግን አልተጫንሁትምና ማንም አይሰማኝም። የማስበው ወረቀቱን ነው። ሕዝብን ሳነሳሳ ብገኝ።

«አቁም! አቁም ማሽኑን!» የሚል ጩኸት መጣ። የካድሬው ድምፅ ነው። ፊልሙ ቆመ፤ አንዱ አብዮት ጠባቂ ከረጢቱን ከመስኮቱ ገሸለጠው። ብርሃን ሲገባ ሕዝቡ ግንባሩ መሬት ላይ እንዳለ ተገኘ። ቀስ በቀስ ቀና አሉ።

«ማነው መጀመሪያ የተነሳው?» አለ ካድሬው። ጠመንጃዎቹ ከትከሻ ወረዱ። «ማነው ያስነሳው?»

ሕዝቡ መሬት መሬት አየ። አባቴን አውቃቸዋለሁ። ውሸት አይችሉም፤ ሌላ ሰው በእሳቸው ፈንታ ሲጠየቅ ማየት አይችሉም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያን ጉሮሮ ሲጠርጉ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አውቃለሁ፤ «እኔ ነኝ» ሊሉ ነው። ደብረ ታቦር ታየኝ፤ ስንቅ ይዤ በር ላይ ስቆም ታየኝ።

ቁልፉን ተጫንሁት። «እኔ ነኝ!» አልሁ። ድምፄ ቆርቆሮውን መትቶ ተመለሰ። «እኔ ነኝ ያስነሳኋቸው። ወረቀቱ ላይ… በባርነት መርከብ ላይ ላለቁት ሰማዕታት የኅሊና ጸሎት ይደረጋል ይላል። ለሰማዕታት ክብር ይነሱ፣ ዝቅ ይበሉ ብዬ በምልክት ነገርኋቸው። ቀድሜ ባለማስፈቀዴ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ጓድ።»

እንዲህ ያለ ነገር ስለ ፊልሙ በተሰጠኝ ጽሑፍ ላይ የለም። ጽሑፉም ሥዕሉ ካለቀ ወዲህ ወደ እሱ ተመልሷል፤ የካኪው ደረት ኪስ ውስጥ ታጥፎ ይታየኛል። አውጥቶ ያንብበው፣ አለቀልኝ። የኅሊና ጸሎት በየስብሰባው የተለመደ ነው፤ ግን በሁለት ደቂቃ ዝምታ እንጂ በስግደት ተደርጎ አያውቅም። ሕፃንም አያምነኝም።

ካድሬው ወደ እኔ መጣ። ሲቀርብ እግር እግሩን አየሁ፤ ፊቱን ለማየት ድፍረቱ አልነበረኝም። ዳቦ የሚቆርጠው ካኪ ሱሪ ሁለቱም ጉልበቱ ላይ ነጭ የጓያ ትቢያ ነበረበት።

አሁን ቀና ብዬ አየሁት። ግንባሩም ላይ ትንሽ አለ።

እኔ እንዳየሁ አየ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰው ፊት ላይ እንደዚያ ያለ ፍርሃት አላየሁም፤ የራሴን በመስተዋት የማየው ይመስላል። እፎይ አላልሁም። የፈራ ባለጠመንጃ ካልፈራው ይብሳል፤ ያየውን ሰው ማጥፋት ይቀለዋል። ቆመን ተያየን። ጄኔሬተሩ ውጭ ይጮኻል።

«የኅሊና ጸሎት ነበር» አለ በመጨረሻ፣ ወደ ሕዝቡ ሳይዞር። «ጓድ መምህርት በእኔ ትእዛዝ ነው ያስደረገችው። ተበተኑ።» ግንባሩን በእጅጌው ጠረገ።

የፊልሙን መጨረሻ አላየነውም።

እኔና አባቴ ሜዳውን አቋርጠን ስንሄድ ፀሐይ ገና አልወረደችም። ከኋላችን መኪና ተሰማ። የሲኒማው ላንድሮቨር ነው። ከጎናችን ቀስ አለና ቆመ። ካድሬው ከፊት ተቀምጧል። የአባቴን ክንድ ያዝሁ፤ ጥፍሬ ጋቢውን አልፎ እንደገባ ኋላ ነገሩኝ። በሩን ከፍቶ ወረደ። እስከዚያ ቀን ድረስ አባቴን «አንተ ሽማግሌ» ከማለት በቀር ጠርቷቸው አያውቅም።

«መሪጌታ» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ሹፌሩ እንዳይሰማው ይመስለኛል። «ለሚመጣው ስብሰባ ከእኔ ራቅ ብለው ይቀመጡ። እባክዎ።»

«እሺ ልጄ» አሉ አባቴ።

ተመልሶ ገባ፤ መኪናው አቧራውን ጥሎብን ሄደ። አባቴ የፈረሙት ወረቀት እሱ ዘንድ ቀረ። አልመለሰውም፣ አልቀደደውም፤ ከዓመት በኋላ ወደ ሌላ አውራጃ ሲዛወርም ለሚተካው ያስረክበው አያስረክበው አላወቅንም። መንግሥት እስኪለወጥ ድረስ መኪና ደጃችን ባለፈ ቁጥር ትንፋሼን ይዤ ኖርሁ።

ቤት ልንደርስ ስንል አባቴ ቆሙ።

«ያ ሰው» አሉ፣ «ያን ዜማ ለማን ነበር የሠራው? ወረቀቱ ይላል?»

«ለእግዚአብሔር ነው፣ አባዬ። የመጨረሻ ሥራው ነበር።»

«እንዲያ ነው የመሰለኝ።» «ሁሉ ሰገደ። ያም ልጅ ሳይቀር ሰገደ፤ ከጎኔ ሲወርድ ሰምቼዋለሁ። አንቺ ቆመሽ ቀረሽ። ልጄ፣ አንቺ ምን ሆነሽ ነው ያልሰገድሽ?»

ብዙ መልስ ነበረኝ። ድምፅ ማጉያ ይዤ ነው ማለት እችል ነበር።

«እርስዎን እያየሁ ነበር» አልሁ።

አባቴ ቤት ገብተው መቋሚያቸውን ከጥግ አነሱ፤ ወደ እኔ ዘረጉትና ጫፉን አስያዙኝ። ሌላውን ጫፍ እሳቸው እንደያዙ ቀስ ብለው አዜሙት፤ ኪርያላይሶን። ጉልበቴ ያን ጊዜ ታጠፈ።